ከተራራው ምን ይዘን እንወርዳለን?

(ማቴ. 17፥1-18)



በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ መስኩ በአደይ አበባ ሲያጌጥ፥ በአዳማ፥ በሞጆ፥ በመቂ፥ በባቱና በሻሸመኔ ከሚኖሩ ቤተሰቦች መካከል ልጆቻቸውን ይዘው ከከተማ ወጣ የሚሉ አሉ። አንዳንዱ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ወይም ወደ ላንጋኖ ዳርቻ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ በራሱ ወይም በኪራይ መኪና አስፋልቱን ትቶ፥ ኮረኮንቹን መንገድ ይዞ ወደ አርሲ ተራሮች ይወጣል፤ ድንኳን ተክሎም ሌሊቱን በዚያው ያሳልፋል።

ይህን ያዩ አንዳንድ መምህራን እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፤ “ቤት ያለው ሰው ቤቱን ዘግቶ በብርድ ማደሩ ምን ይጠቅመዋል? ይህስ የባለጸጎች መዝናኛ አይደለምን? ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ነገር የምትለው አላትን?” ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በዚህ እትም ከቅዱስ ወንጌልና ራሳችን ካየነው ተነሥተን መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንበል። ወደ ተራራ መውጣት በራሱ ጽድቅም ኃጢአትም አይደለም። የሚመዘነው ከተራራው ይዘን በምንወርደው ነገር ነው።

በድንኳን ማደር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም

የእምነት አባታችን አብርሃም በድንኳን የኖረ ሰው ነበር። በመምሬ የአድባር ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች የተቀበለው በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ነው (ዘፍ. 18)። እግዚአብሔር ሕዝቡን ከግብፅ ካወጣ በኋላም በየዓመቱ ሰባት ቀን በዳስ እንዲቀመጡ አዘዘ። ምክንያቱንም ገለጸላቸው፤ አባቶቻቸው በምድረ በዳ በዳስ እንደ ኖሩ የሚመጣው ትውልድ እንዲያውቅ ነው (ዘሌ. 23፥42-43)። እንግዲህ የዳስ በዓል በተለይ ለልጆች የታሰበ ትምህርት ነበረ ማለት ይቻላል። ቤት፥ ጣሪያና በር የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን ልጅ የሚረዳው በቃል ብቻ ሲነገረው ሳይሆን፥ ጥቂት ቀን ያለ እነርሱ ሲያድር ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስም ቃል ሥጋ ሆኖ በመካከላችን መኖሩን ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ድንኳን መትከልን የሚያመለክት ነው (ዮሐ. 1፥14)።

ወደ አገራችን ብንመለስም ነገሩ የቆየ ነው። ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ ከሜዳው መካከል ብቻውን ቆሞ የሚታየውን የዝቋላን ተራራ የማያውቅ ከእኛ መካከል የለም። ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ሲሆን፥ በአናቱ ላይ ሐይቅ፥ በዙሪያውም የጥድ ደን አለው። የኦሮሞ ሕዝብም ጩቃላ ብሎ ከጥንት ጀምሮ ያከብረዋል። እኅታችን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ባላት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ሲከበር፥ ምእመናን ሕፃናትን አዝለው፥ ስንቅ ተሸክመው ያንን ዳገት ሲወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እናቶች ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው በዛፍ ሥር ያሳድራሉ። እነዚህ እናቶች ባለጸጎች አይደሉም። ስለዚህ ቤተሰብ አብሮ ተራራ ወጥቶ ማደሩን ከውጭ የመጣ ነው ልንል አንችልም። ከውጭ የመጣ ቢኖር ድንኳኑ የሚሠራበት ጨርቅ ነው።

በጭላሎ ላይ ያየነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በጥር ወር፥ ከአዳማ ሦስት ቤተሰቦች ሆነን በሁለት መኪና ወደ ጭላሎ ተራራ ሄደን ነበር። ከአሰላ በላይ አስፋልቱን ትተን በገብስ ማሳዎች መካከል ወደሚያልፈው የድንጋይ መንገድ ገባን። መንገዱ ጠባብ፥ አቀበቱም ከባድ ነበር። ቀኑ ሊመሽ ሲል የአንደኛው መኪና ጎማ በስለታም ድንጋይ ተቀደደ። ክሪኩን ስናስገባ መሬቱ ስለ ላላ እየሰመጠ አስቸገረን።

የመኪናው ባለቤት ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጁ ጋር ሁለት ወር ሙሉ ከትእዛዝ በቀር ቃል ያልተለዋወጠ አባት ነበር። የጠባቸው ምክንያት የትምህርት ውጤት ነው። እኛም ይህን እናውቅ ነበር፤ በመካከላቸው ገብተን ብንመክርም አልሆነልንም። በዚያ ምሽት ግን ልጁ ሳይጠየቅ ወርዶ ከማሳው ዳር ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና በክሪኩ ሥር አደረገው። አባት በጭቃው ላይ ተንበርክኮ ብሎኑን ሲፈታ ልጅ ባትሪ ያበራለት ጀመር። “ወደዚህ አብራልኝ” “ይኸው” “ያዝልኝ” “ይዤዋለሁ” ከመባባል በቀር ሌላ ንግግር አልነበረም። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሌሊት እሳት ዙሪያ ተቀምጠን የመቁጠሪያ ጸሎት ካደረስን በኋላ ያ አባት ፊቱን ወደ እሳቱ እንዳደረገ “ዛሬ ብቻዬን አልችለውም ነበር” አለ። ልጁ አልመለሰም፤ ነገር ግን ተነሥቶ ጋቢውን ለአባቱ ደረበለት። እኛ በሁለት ወር ምክር ያላገኘነውን እግዚአብሔር በአንድ የተቀደደ ጎማ አደረገው።

ይህን የምንነግራችሁ ራሳችንን ለማመስገን አይደለም። በማግሥቱ ጧት የሆነው ጥፋት የእኛው ነውና። ወጣቶቻችን ዕቃውንና የጭቃ ልብሱን ወደ ምንጩ ወስደው በዱቄት ሳሙና ያጥቡ ነበር፤ እኛ ታላላቆቹም አይተን ዝም አልን። አንድ አረጋዊ ከብቶቻቸውን እየነዱ መጥተው በዘንጋቸው ተደግፈው ጥቂት ተመለከቱን። ከእኛ መካከል አፋን ኦሮሞ የሚናገረው አባት ተነሥቶ ሰላምታ ሰጣቸው። እርሳቸውም በትሕትና መልሰው እንዲህ አሉን፤ “ልጆቼ፥ እንኳን ደህና መጣችሁ። ይህ ውኃ ግን ከእናንተ ቀጥሎ ከብቶቼን፥ ከከብቶቼ ቀጥሎ ልጆቼን ያጠጣል።” ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኛም አፈርን፤ “አባባ፥ ይቅር ይበሉን” ብለን ዕቃውን ከምንጩ አራቅን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ከቤታቸው ወተት ይዛ መጣች፤ “አያቴ ለሕፃናቱ ብለው ነው” አለችን። እኚህ አረጋዊ ሙስሊም ናቸው። በዚያች ጧት በመምሬ እንግዶችን የተቀበለውን አብርሃምን ያስታወሱን እርሳቸው ነበሩ፤ ድንኳን የተከልነው ግን እኛ ነበርን።

ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ልብ እንበል። ከጭላሎና ከአጠገቡ ካሉት ተራሮች በምዕራብ በኩል የሚወርዱ ጅረቶች ወደ ካታር ወንዝ ይገባሉ፤ ካታርም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል። ከዝዋይ የቡልቡላ ወንዝ ተነሥቶ ወደ አቢጃታ ይወርዳል፤ አቢጃታ ግን ወደ ሌላ የሚፈስበት መውጫ የለውም። የገባበት ሁሉ በዚያው ይቀራል። ወደ እርሱ የሚመጣው ውኃ ለመስኖ በመጠለፉና የራሱም ውኃ ለሶዳ አሽ ምርት በመወሰዱ ይህ ሐይቅ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ምን ያህል እንደ ሸሸ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያየው ነው። እንግዲህ በተራራው ላይ የሚደረግ ነገር በተራራው ላይ አይቀርም። በባቱ የሚጠመደው ዓሣ፥ በመቂ ሜዳ የሚበቅለው ሽንኩርትና ቲማቲም ከላይ በሚወርደው ውኃ የሚኖሩ ናቸው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 “ላውዳቶ ሲ” በተሰኘው መልእክታቸው ምድርን የጋራ ቤታችን ብለው ያስተማሩን ይህንኑ ነው።

ጌታችን ሦስቱን ወደ ተራራ ሲያወጣ

አሁን ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ጴጥሮስን፥ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ረጅም ተራራ ወጣ። በዚያም መልኩ በፊታቸው ተለወጠ። ይህን በዓል በአገራችን በደብረ ታቦር፥ ልጆች ቡሄ እያሉ በሚዘምሩበት ቀን እናከብራለን። ከዚህ ታሪክ ለቤተሰብ ሦስት ትምህርት እናገኛለን።

የመጀመሪያው፥ ጌታ ወዳጆቹን ከሕዝቡ ለይቶ ብቻቸውን ማውጣቱ ነው። ሥራ ስላልነበረው አይደለም፤ የሚፈልገው ሕዝብ ብዙ ነበር። የሚወድዱትን ሰው ለብቻው ጊዜ መስጠት ግን ከሥራ የሚቆጠር መሆኑን አሳየን። በአዳማ የምንኖር ሁላችን ከተማችን በታላቁ የጅቡቲ መንገድ ላይ የተቀመጠች መሆኗን እናውቃለን። የከባድ መኪናው ድምፅ ሌሊትም አያርፍም። በቤት ውስጥም ቴሌቪዥኑና ስልኩ አለ። አባት ማታ ደክሞ ይገባል፤ እናት ከማዕድ ቤት አትወጣም፤ ልጆች በየስልካቸው ያቀረቅራሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሳይገናኙ ሳምንት የሚያልፋቸው ቤተሰቦች አሉ። ለእነዚህ ቤተሰቦች ስልክ በማይሠራበት ተራራ ላይ አንድ ሌሊት ማደር እንደ ሱባዔ ሊሆንላቸው ይችላል።

ሁለተኛው፥ ከደመናው የመጣው ድምፅ ነው። አብ ደቀ መዛሙርቱን ያዘዛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚወደውን ልጁን እንዲሰሙት። ጴጥሮስ ግን ዳስ ስለ መሥራት ይናገር ነበር። እኛም ብዙ ጊዜ በተራራው ላይ እንደ ጴጥሮስ እንሆናለን፤ ስለ ምግቡ፥ ስለ ፎቶግራፉ፥ ስለ ሙዚቃው ስንጨነቅ ድምፁ ያመልጠናል። በጨለማ ውስጥ የሰማይን ከዋክብት ያየ ልጅ “ይህን ሁሉ ማን ሠራው?” ብሎ ሲጠይቅ፥ ያ ጊዜ ከብዙ የክፍል ትምህርት የሚበልጥ ትምህርተ ክርስቶስ ነው። ወላጅ በዚያች ሰዓት ልጁን ሊሰማው፥ ሊመልስለትም የተዘጋጀ ይሁን።

ሦስተኛው፥ ሁሉም ነገር የሚያርፍበት፥ መውረዱ ነው። ጴጥሮስ በዚያ ለመቅረት ፈለገ፤ ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ። ከተራራው ግርጌ ምን ጠበቃቸው? በልጁ ሕመም የተጨነቀ አንድ አባት ነበር። በጌታ እግር ሥር ተንበርክኮ ስለ ልጁ ምሕረትን ለመነ፤ ጌታም ልጁን ፈወሰው። ወንጌላዊው ማቴዎስ እነዚህን ሁለት ታሪኮች አከታትሎ መጻፉ ሊያስተምረን ይገባል። በተራራው ላይ የበራው ብርሃን በሜዳው ላለው ለተጨነቀ ቤተሰብ ካልደረሰ ምንም አይጠቅምም። የደስታ ጉዞ አድርጎ ተመልሶ በጎረቤቱ ያለውን ችግረኛ የማያይ ሰው ከተራራው አቧራ እንጂ ሌላ ይዞ አልወረደም።

ቅዱሳኑም ይህን አስተምረውናል። እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2025 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ቅድስናው የታወጀው የቶሪኖው ወጣት ጴርጆርጆ ፍራሳቲ ተራራ መውጣትን እጅግ የሚወድ ነበር፤ ከተራራ ሲወርድ ግን የሚሄደው ወደ ድሆች ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 በ24 ዓመቱ ሲያርፍ ቀብሩን ያጀቡት የረዳቸው ድሆች ቤተሰቡ የማያውቀውን ሕይወቱን ገለጡ። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም ወጣት ካህን ሳሉ በፖላንድ ተማሪዎችን ይዘው በተራራና በወንዝ ይጓዙ፥ በድንኳን ያድሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ረዳት ጳጳስ ሆነው መሾማቸው የተነገራቸው እንዲህ ካለው ጉዞ ተጠርተው ነው።

በዱር ያለ ስጋት መተኛት

ወንድሞችና እኅቶች፥ አንድ አሳዛኝ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ እውነትን ማጉደል ይሆናል። ነቢዩ ሕዝቅኤል እግዚአብሔር ከሕዝቡ ጋር ስለሚያደርገው የሰላም ቃል ኪዳን ሲናገር፥ የሰላሙ ምልክት ያደረገው ሰዎች በምድረ በዳና በዱር ሳይፈሩ መተኛታቸውን ነው (ሕዝ. 34፥25)። እንግዲህ አባት ልጆቹን ይዞ በተራራ ላይ በሰላም ማደር መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በዝቋላ ገዳም አራት አባቶች በታጣቂዎች መገደላቸውን በሰማን ጊዜ ሁላችንም አዝነናል። ለጸሎት የተለየ ተራራ የልቅሶ ቦታ ሆነ። በእነዚህ ዓመታት በክልላችን ብዙ የገጠር ቤተሰቦች ለመዝናናት ሳይሆን ቤታቸውን አጥተው በድንኳንና በሸራ ሥር አድረዋል።

ስለዚህ ድንኳናችንን በምንተክልበት ሌሊት ሁሉ ወደው ሳይሆን ተገደው በሸራ ሥር ያደሩትን በጸሎታችን እናስባቸው። ልጆቻችንም ይህን ልዩነት ይወቁ። የእኛ ድንኳን ነገ ይነቀላል፤ ቤታችንም ይጠብቀናል። የእነርሱ ግን እንዲህ አይደለም። ይህን ያወቀ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለውን ለማካፈል እጁ ይፈታል።

ለቤተሰቦች የምንመክረው

ከአሳባችን በተጨማሪ ጥቂት ተግባራዊ ምክር እንስጥ።

ከሁሉ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም የአካባቢውን ሰዎችና አስተዳደር ጠይቁ፤ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን ተዉት። ተራራው አይሸሽም። የልጆችን ሕይወት ለድፍረት መስጠት እምነት ሳይሆን እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። በኮረኮንች መንገድ ላይ ሹፌሩ መጠጥ አይቅመስ፤ በቀን ድረሱ፤ ትርፍ ጎማና ለክሪኩ መደገፊያ የሚሆን ጣውላ ያዙ።

ብርዱን አትናቁት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በግምት ስድስት ዲግሪ ይቀንሳል። ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና፥ ወደ ላይኛው ክፍል የወጣ የአዳማ ልጅ የሚገጥመው ውርጭ በቤቱ ከለመደው ፈጽሞ የተለየ ነው።

እሳትን በባዶ መሬት ላይ አንድዱ፤ ስትሄዱ በውኃና በአፈር አጥፉት። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. በዝቋላ ደን ላይ የተነሣውን እሳት ለማጥፋት ስንት ሰው እንደ ደከመ የምናስታውስ አለን። በበጋ የደረቀ አስታና ጥድ አንድ ፍም ይበቃዋል። ሳሙና ወደ ምንጭ አይግባ። የያዛችሁትን ፌስታልና ፕላስቲክ ሁሉ ይዛችሁ ውረዱ።

በጉዞው እናትም ትረፍ። አንዲት እናት በጭላሎ ላይ “እኔስ ወጥ ቤቴን ተሸክሜ ነው የመጣሁት” ብላ አሳቀችን፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር። አባትና ልጆች እንጨቱን ይልቀሙ፥ ሽንኩርቱንም ይክተፉ።

የእሑድ ቅዳሴ አይቅር። ወይ ቅዳሜ ማታ ተመለሱ፥ ወይም በአቅራቢያ ባለ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴውን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻም መኪና የሌለው ቤተሰብ አይዘን። ልጆቹን ይዞ ጧት በማለዳ በአቅራቢያው ወዳለ ኮረብታ በእግሩ የወጣ፥ ዳቦ ቆርሶ፥ ጸልዮ የተመለሰ ቤተሰብ ምንም አልጎደለበትም። መኪና ያለው ደግሞ አንድ መቀመጫ ለጎረቤቱ ልጅ ይተው።

ወደ ናዝሬት መመለስ

ከተማችን ለብዙ ዓመታት ቅዱስ ቤተሰብ በኖረባት መንደር ስም ናዝሬት ስትባል ኖራ፥ የቀደመ ስሟ አዳማ በይፋ ተመልሶላታል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 1964 የገሊላይቱን ናዝሬት በጎበኙ ጊዜ ከዚያ ቤት ሦስት ነገር እንድንማር አሳስበዋል፤ ጸጥታን፥ የቤተሰብን ሕይወትና ሥራን። ጌታችንም በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከእናቱና ከዮሴፍ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘ፤ በመንገድ ጠፋ፥ ተፈለገ፥ ተገኘ። የጉዞው መጨረሻ ግን ወደ ናዝሬት መመለስና በዚያ እየታዘዘ መኖር ነበር (ሉቃ. 2፥41-51)። የእኛም ጉዞ እንዲሁ በቤታችን ይፈጸም። ከተራራው የምናወርደው ጸጥታ በማዕዳችን ላይ ይቀመጥ። ከጭላሎ የተመለሱት ያ አባትና ልጅ ዛሬም በሁሉ ነገር አይስማሙም፤ ነገር ግን ይነጋገራሉ።

ለመምህራን የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ያለ ስልክና ያለ ቴሌቪዥን አብረን የምንቀመጥበት ሰዓት አለን? ከሌለ መቼ ልናደርገው እንችላለን?

2. በአካባቢያችን የሚወርደው ውኃ ከየት ይመጣል? ከእኛ ቀጥሎስ ማን ይጠጣዋል?

3. በቁምስናችን ወይም በጎረቤታችን በልጁ ምክንያት የተጨነቀ ቤተሰብ ማን ነው? ምን ልናደርግለት እንችላለን?

ወዳጆቹን ወደ ተራራ ያወጣ፥ ይዟቸውም የወረደ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ መውጣታችንንና መግባታችንን ይባርክ። ተራሮቻችንን የሰላም ማደሪያ ያድርግልን። የናዝሬት እናት ቅድስት ድንግል ማርያምና ቅዱስ ዮሴፍ ቤታችንን በአማላጅነታቸው ይጠብቁልን። አሜን።